ፓኬቱን ከማየት በፊት መገመት፦ ኮምፒውተር ኔትዎርክን በኮዬ ፈጬ እንዴት እንዳጠናሁት

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በተቀራራቢ የትምህርት ክፍሎች እየተማሩ የኮምፒውተር ኔትዎርክ ኮርስን ለሚጀምሩ ተማሪዎች ነው። በተለይ እንደ እኔ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በቂሊንጦ አካባቢ ተከራይተው ለሚኖሩ፣ ከክፍል በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ እንዳያመሹ የታክሲ ሰልፍ ለሚያስጨንቃቸው፣ ቤት ሲደርሱም መብራትና ኢንተርኔት መኖሩን እርግጠኛ ለማይሆኑ ተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ኮርሱን ጨርሼ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ ሳስበው፣ ትምህርቱን የከፈተልኝ ከሁሉ በላይ አንድ ልማድ ነው። ይኸውም በኬብሉ ላይ ወይም በዋይፋዩ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ አስቀድሞ በወረቀት ላይ መጻፍ፣ ከዚያም በእርግጥ ያለፈውን አይቶ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ነው።

የኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንታት በአብዛኛው የሚያልፉት የኔትዎርክን ሥራ በደረጃ በሚከፋፍለው ሞዴል፣ በሰባቱ የኦኤስአይ ሌየሮች ላይ ነው። ተማሪው ከፊዚካል እስከ አፕሊኬሽን ያለውን ስም በቃሉ ይይዛል፣ በፈተናም ይጽፈዋል፤ ራውተር በየትኛው ሌየር እንደሚሠራ ሲጠየቅም ሦስተኛው ብሎ ይመልሳል። ይህ ዕውቀት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን ከተያዘ ብዙ አያራምድም፤ ምክንያቱም ዛሬ ኢንተርኔትን የሚያንቀሳቅሱት ፕሮቶኮሎች (የመገናኛ ደንቦች) ከዚህ ሞዴል ተቀድተው የተሠሩ አይደሉም። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ዳታ ሳይጎድል በተራው እንዲደርስ የሚያደርገውን የቲሲፒን መሠረተ ሐሳብ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ወደ ቲሲፒ/አይፒ የተሸጋገረው በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ነው። የኦኤስአይ ሞዴል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በ1984 ነው። ስለዚህ ሴሽንና ፕረዘንቴሽን የሚባሉትን ሌየሮች በራሳችሁ ላፕቶፕ ውስጥ ለይታችሁ ለማግኘት ብትቸገሩ ጉድለቱ የእናንተ አይደለም። ሞዴሉ መነጋገሪያ መሆኑን፣ በኬብሉ ላይ የሚሄደው ግን ሌላ ነገር መሆኑን መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ቢናገር ብዙ ተማሪ ከብዙ ድካም ይድናል።

በኬብሉ ላይ የሚሄደውን ለማየት የሚያስፈልገው የሚያልፉትን ፓኬቶች (ትናንሽ የዳታ ጥቅሎች) የሚያሳየው ዋየርሻርክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እንደ መጀመሪያ ልምምድ የምመክረው የፒንግን፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተር መልስ ይሰጥ እንደሆነ ለመፈተሽ የሚላከውን አጭር መልእክት፣ መጠን መተንበይ ነው። ዊንዶውስ ፒንግ ሲልክ በተለምዶ 32 ባይት ዳታ ይጭናል፤ በዚያ ላይ የአይሲኤምፒ ሄደር (ከዳታው ፊት የሚቀመጥ መረጃ) 8 ባይት፣ የአይፒ ሄደር 20 ባይት፣ የኢተርኔት ሄደር 14 ባይት ይጨመራል። ድምሩ 74 ነው። ይህን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዋየርሻርክን ክፈቱና ርዝመት የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ፤ 74 ታገኛላችሁ። ሊነክስ በተለምዶ 56 ባይት ስለሚጭን በእሱ ላይ ውጤቱ 98 ይሆናል። አንዱ ፕሮቶኮል ሌላውን በውስጡ ተሸክሞ ይሄዳል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በእኔ አእምሮ የጸናው በዚህ ድምር ነው፤ ከዚያ በፊት በስላይድ ላይ ያየኋቸው ባለ ቀለም ሣጥኖች ያን ያህል አልረዱኝም ነበር።

ግምቱ ልክ ሆኖ ሲገኝ ደስ ይላል፤ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ሳይገጥም ሲቀር ነው። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ምን እንደሚከተል በመማሪያ መጽሐፉ መሠረት ጻፍኩ፦ መጀመሪያ የራውተሩን ማክ አድራሻ (የኔትዎርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ለማወቅ የአርፕ ጥያቄ ይላካል፣ ቀጥሎ የድረ ገጹን አይፒ አድራሻ ለማወቅ የዲኤንኤስ ጥያቄ በፖርት 53 ይሄዳል፣ ከዚያም በቲሲፒ ሦስቱ የመተዋወቂያ መልእክቶች ይለዋወጣሉ፣ በመጨረሻም በፖርት 443 የተመሰጠረው ዳታ ይተላለፋል። ስመለከት አርፑ የለም፤ ላፕቶፑ የራውተሩን አድራሻ ቀድሞ ያውቀው ስለነበር መጠየቅ አላስፈለገውም። የዲኤንኤስ ጥያቄውም የለም፤ መልሱ ከቀደመው ጉብኝት ተቀምጦ ነበር። ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ቲሲፒ ራሱ አለመኖሩ ነው፤ በፖርት 443 የሚሄደው ሁሉ ያለ መተዋወቂያ መልእክት የሚልከው ሌላው ፕሮቶኮል፣ ዩዲፒ ነበር። ይህ ክዊክ የሚባለው ፕሮቶኮል እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አርኤፍሲ 9000 የሚባል የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ሆኖ መውጣቱንና ታላላቅ ድረ ገጾች እንደሚጠቀሙበት የተረዳሁት ያን ልዩነት ተከትዬ ሳነብ ነው። ግምቴን በወረቀት ባልጽፍ ኖሮ ግን ዩዲፒ የሚለውን ጽሑፍ አይቼ ምንም ሳይመስለኝ አልፈው ነበር። አሁንም ለምታጠኑ ሁሉ አጥብቄ የምለው ይህን ነው፦ በአእምሮ ብቻ የተያዘ ግምት ውጤቱን ሲያይ ራሱን ስለሚያስተካክል ስሕተቱን አያሳይም፤ ስለዚህ ግምታችሁን በብዕር ጻፉት።

ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜ ሁሉ ይህ ጥናት እንደሚቆም አድርጎ ማሰብ ተገቢ አይደለም። በሊነክስ ውስጥ ኔትዎርክ ኔምስፔስ የሚባል አሠራር አለ፤ በእሱ አማካይነት አንድ ላፕቶፕ በውስጡ እርስ በርስ የተገናኙ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ኮምፒውተሮች ያሉበት እስኪመስል ድረስ መከፋፈል ይቻላል። የሲስኮው ፓኬት ትሬሰር ለራውተርና ለስዊች ትእዛዞች ልምምድ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሲስኮ የሠራው ማስመሰያ እንጂ እውነተኛው የፕሮቶኮል አሠራር ስላልሆነ፣ የቲሲፒን ጠባይ ለማጥናት ኔምስፔስ ይሻላል። የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ መብራት ቢጠፋም ሥራው ይቀጥላል። ራም ያነሰው አሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን ይህን ያለ ችግር ይሸከማል።

በዚህ መንገድ ካጠናኋቸው ነገሮች እኛን በኢትዮጵያ የምንኖረውን በቀጥታ የሚመለከት አንዱ የርቀት ጉዳይ ነው። ሰዎች ኢንተርኔት ዘገየ ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ባንድ ላይ ይጠራሉ፤ አንደኛው በሰከንድ የሚተላለፈው የዳታ መጠን ሲሆን ሁለተኛው አንድ መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የደርሶ መልሱ ጊዜ በእንዲህ ያለ ፋይበር ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ፋይበሩ እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች አልፎ ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ይደርሳል፤ መንገዱም ከቀጥታው መስመር ይረዝማል፤ በመካከሉ ያሉት ራውተሮችም የየራሳቸውን ጊዜ ይጨምራሉ።

ይህ ርቀት በቲሲፒ ላይ የሚያደርሰውን ለማየት ሁለት ኔምስፔሶችን አገናኝቼ ኔትኤም በሚባለው መሣሪያ የደርሶ መልሱን ጊዜ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ አሳደግሁት፤ እንዲሁም ዊንዶው ስኬሊንግ የሚባለውን የቲሲፒ ተጨማሪ አሠራር ዘጋሁት። ስኬሊንግ ከሌለ ላኪው ማረጋገጫ ሳይደርሰው ሊልክ የሚችለው ከፍተኛው መጠን 65,535 ባይት ነው፤ በሄደሩ ውስጥ ለዚህ የተመደበው ቦታ 16 ቢት ብቻ ነውና። 65,535 ባይት በቢት 524,280 ይሆናል፤ ይህን በ0.2 ሰከንድ ብናካፍለው በሰከንድ ወደ 2.6 ሜጋቢት ይመጣል። መስመሩ የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆን፣ መቶ ሜጋቢት ቢሆን እንኳ፣ አንድ የቲሲፒ ግንኙነት ከዚህ አያልፍም። አይፐርፍ በሚባለው መለኪያ ስሞክረው ፍጥነቱ ከዚህ ገደብ አላለፈም፤ ስኬሊንጉን መልሼ ስከፍተው ደግሞ ወዲያውኑ አሻቀበ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው አርኤፍሲ 1323 ለምን እንዳስፈለገ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ይህ ሙከራ በእኔ ግምት ከግማሽ ሴሚስተሩ ትምህርት ይመዝናል፤ የሚጠይቀውም አንድ ላፕቶፕና አንድ ምሽት ብቻ ነው።

ልማዱ ከፈተና አልፎ ለሰው ጥቅም እንደሚውል ያየሁት በምኖርበት የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ነው። አከራያችን አንድ የኢንተርኔት መስመር አስገብተው፣ በስዊችና በኬብል ለየፎቁ ተከራዮች አከፋፍለው፣ ወጪውን በጋራ እንከፍላለን። አንድ ሰሞን የአንዳንዱ ቤት ኢንተርኔት ይሠራል፣ የሌላው አይሠራም፤ አንዱ ስልኩን አጥፍቶ ሲያበራ ይመለስለታል፣ ሲሠራ የነበረው ደግሞ በተራው ይቋረጥበታል። ሁሉም ጥፋቱን በአገልግሎት ሰጪው ላይ አደረገ። አከራያችን «ልጄ፣ አንተ የምትማረው ይህንኑ አይደል፤ እስኪ እየው» አሉኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ኬብል መነቃቀል ሳይሆን መጻፍ ነው። መስመሩ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ሁሉም ቤት ይቋረጥ ነበር። ኬብል ተበጥሶ ቢሆን የተቋረጠው ቤት ስልክ በማጥፋትና በማብራት አይመለስም ነበር። ማጥፋትና ማብራት የሚለውጠው ነገር መሣሪያው አዲስ አድራሻ መጠየቁ ነው፤ ስለዚህ ግምቴ ችግሩ ያለው በአድራሻ አሰጣጡ፣ ማለትም በዲኤችሲፒ ላይ ነው የሚል ሆነ። ዲኤችሲፒ የሚሠራው በአራት መልእክቶች ነው፤ መሣሪያው በኔትዎርኩ ላሉት ሁሉ «አድራሻ የሚሰጥ አለ ወይ» ብሎ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ አድራሻ ያቀርብለታል፣ መሣሪያው የቀረበለትን እንደሚፈልግ ያሳውቃል፣ ሰርቨሩ ያጸድቃል። ጥያቄው ለሁሉም የሚሰማ ስለሆነ ሰርቨሮች ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ይመልሳሉ፤ አብዛኞቹ መሣሪያዎችም ቀድሞ የደረሳቸውን ይቀበላሉ።

ላፕቶፔን በኬብል አገናኝቼ አድራሻ እንዲጠይቅ ሳደርገው ዋየርሻርክ ላይ ለአንድ ጥያቄ ሁለት አቅርቦት መጣ። አንዱ ከ192.168.1.1 ነበር፤ እሱ የአከራያችን ራውተር ነው። ሌላው ከ192.168.0.1 ነበር፤ እሱን ማንም አያውቀውም። የማክ አድራሻ 48 ቢት ሆኖ የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች አምራቹን ስለሚያመለክቱ፣ የማይታወቀው መሣሪያ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ከዚያ አየሁ። ከዚያ በኋላ ከአከራያችን ጋር በየፎቁ እየዞርን እንዲህ ዓይነት ራውተር ያለው ማን እንደሆነ ጠየቅን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ጎረቤት ዋይፋዩ መኝታ ቤታቸው አልደርስ ስላላቸው ራውተር ገዝተው፣ ከስዊቹ የመጣውን ኬብል ዋን (የውጭ መስመር) ተብሎ በተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከአራቱ የላን (የቤት ውስጥ) ቀዳዳዎች በአንዱ ሰክተውት ኖሯል። ራውተሩ እንደ ተፈጥሮው አድራሻ ማደል ጀመረ፤ ከእሱ አድራሻ የወሰደ ሁሉ ደግሞ ወደ ኢንተርኔት መውጫ በሌለው በር ላይ ቆሞ ቀረ። እኚህ ጎረቤት ምንም አላጠፉም፤ በዕቃው ላይ ይህን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ የለም። ዲኤችሲፒውን ዘግተን፣ ለራውተሩ 192.168.1.2 የሚል ለዋናው ኔትዎርክ የሚስማማ አድራሻ ሰጥተን፣ በዚያው በላን ቀዳዳ እንዲቀጥል አደረግን፤ ዋይፋዩም መኝታ ቤታቸው ደረሰ፣ የሕንፃውም ኢንተርኔት ተስተካከለ።

በክፍል ውስጥ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለውን የስዊች መከላከያ ስታጠኑ፣ የተፈጠረው ይህን የመሰለውን ችግር ለመከላከል መሆኑን አስታውሱ። አድራሻ የመስጠት መብት ያለው ሰርቨር በየትኛው ፖርት ላይ እንዳለ ለስዊቹ ይነገረዋል፤ ከሌላ ፖርት የሚመጣውን አቅርቦት ስዊቹ ይጥለዋል። በርካሽ የሚገዙ ተራ ስዊቾች ግን ይህ አሠራር የላቸውም።

ስለ ሰብኔት ስሌት፣ ማለትም ኔትዎርክን ወደ ትናንሽ ክፍሎች ስለ መከፋፈል፣ ብዙ አልናገርም፤ ልምምድ እንጂ ማብራሪያ የሚፈልግ ርዕስ አይደለምና። ካልኩሌተርም ሆነ ድረ ገጽ ሳትጠቀሙ በእጅ ሥሩት። ለምሳሌ 192.168.10.77 ከ27 ቢት ማስክ ጋር (ከአድራሻው 32 ቢት 27ቱ ኔትዎርኩን ሲያመለክቱ) ቢሰጣችሁ፣ ለመሣሪያዎች የቀረው 5 ቢት ስለሆነ ክፍልፋዮቹ በ32 በ32 ይሄዳሉ፤ 77 የሚወድቀው በ64 እና በ95 መካከል ነው፤ ስለዚህ የኔትዎርኩ አድራሻ 64፣ የብሮድካስቱ 95፣ ለመሣሪያ የሚሰጠው ከ65 እስከ 94 ነው። ታክሲ ስትጠብቁ ከጓደኛችሁ ጋር እየተጠያየቃችሁ ልትለማመዱት ትችላላችሁ። የመውጫ ፈተናው ጊዜ የሚቆጠርበት ስለሆነ ይህን በፍጥነት መሥራት ለከባዶቹ ጥያቄዎች ጊዜ ያተርፋል።

የኬብል ሥራንም ንቀው የሚያልፉት አሉ፤ እኔ ግን እንድትሞክሩት እመክራለሁ። ከመርካቶ ጥቂት ሜትር ኬብል፣ ጥቂት አርጄ 45 ማገናኛዎችና አንድ መቆንጠጫ ለሁለት ወይም ለሦስት ተማሪዎች በጋራ ሊገዛ ይችላል። በተለመደው በቢ አሠራር ከግራ ወደ ቀኝ የቀለሞቹ ተራ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። አረንጓዴው ጥንድ በሰማያዊው ግራና ቀኝ የሚከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስተኛውና ስድስተኛው ሽቦ አንድ ጥንድ ሆነው መጠማዘዝ አለባቸው። ቀለሞቹን በሁለቱም ጫፍ እንዳመቸው በአንድ ዓይነት ተራ የደረደረ ሰው ኬብሉ በሽቦ መፈተሻው ላይ ያልፍለታል፤ ጥንዶቹ ስለተለያዩ ግን ርዝመቱ ሲጨምር ዳታ ይጠፋበታል። በኮንዶሚኒየም ከሕንፃ ወደ ሕንፃ መስመር ለመሳብ ስትጠየቁም የኬብሉ ርዝመት ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር እወዳለሁ። ዋየርሻርክ የሌሎች ሰዎችን ግንኙነት ለመከታተል እንዲያገለግል መሞከር የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ነው፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላን ሰው የኮምፒውተር ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍ ወንጀል ተደርጎ ተደንግጓል። ለጥናት የራሳችሁ ላፕቶፕ የሚልከውና የሚቀበለው ከበቂ በላይ ነው። የሕንፃውን ችግር ስፈልግም አከራያችን ጠይቀውኝ፣ የተመለከትኩትም ለራሴ ላፕቶፕ የመጣውን መልስ ብቻ ነው።

በቡድን ስታጠኑም ይኸው የመገመት ልማድ ይሠራል። አንዱ ተማሪ በላፕቶፑ ላይ አንድ ነገር ይለውጣል፤ ለምሳሌ የጌትዌዩን (የመውጫ ራውተሩን) አድራሻ ያጠፋል፣ ወይም ማስኩን ከ24 ወደ 28 ይቀይራል። ሌሎቹ ለውጡን ሳያዩ የትኛው ፒንግ እንደሚሳካ፣ የትኛው እንደማይሳካ እያዩ ምን እንደተለወጠ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ብቻ ላፕቶፑ ይከፈታል። እኛ እርስ በርስ የምንከራከረው በአማርኛ ነበር፤ ማስረዳት ያቃተው ሰው በእንግሊዝኛው ትርጓሜ ውስጥ የሚሸሸግበት ቦታ ስለማያገኝ፣ ማን እንደገባው ወዲያው ይለይ ነበር።

ላብራቶሪ፣ ኢንተርኔትና ራውተር በሌለበት ምሽት ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከጓደኛው ላፕቶፕ ጋር አንድ ኬብል ብቻ ይበቃዋል። ሁለቱን በቀጥታ አገናኙ፤ አድራሻ አትስጧቸው። እያንዳንዱ ላፕቶፕ ለራሱ ኤፍ ኢ 80 ብሎ የሚጀምር የአይፒ ቨርዥን 6 አድራሻ አበጅቶ ታገኙታላችሁ፤ በእሱ ፒንግ መላላክ ይቻላል፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል ከከለከለ ለጊዜው ፍቀዱለት። ፒንጉን ከመላካችሁ በፊት ግን ሁለቱ ማክ አድራሻቸውን እንዴት እንደሚተዋወቁ ጻፉ፤ በቨርዥን 6 አርፕ የለም፤ ቦታውን የሚተካው በአይሲኤምፒ ቨርዥን 6 የሚላክ የጎረቤት ፍለጋ ነው፤ ጥያቄው ዓይነት 135፣ መልሱ ዓይነት 136 ሆኖ በዋየርሻርክ ላይ ይታያል።